በጎንደር ዙሪያ መድፍን የደፈሩ አርበኞች

ከጎንደር ከተማ ወጥቶ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ጥቂት እንደ ተጓዘ ወለቃን ያገኛል። ወለቃ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ስሟ የታወቀ መንደር ናት፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል። መንገደኛውም በመንገድ ዳር የተደረደረውን የሸክላ ዕቃ አይቶ፥ ቢወድም ገዝቶ ያልፋል። ከወለቃ ወዲያ መንገዱ ወደ አምባዞ በኩል እንደሚያወጣ፥ በአምባዞም ጠላት ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ምሽግ አብጅቶ እንደ ነበር፥ ከዚያ ምሽግና እርሱን ከመሰሉት ከሌሎቹ ጋር የተዋጉ የአገር ልጆች እንዳሉ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው፤ ይልቁንም በመድፍ ፊት እንዴት እንደ ቆሙና ስማቸው ከምን እንደ ደረሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በግንቦት ወርም የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጌ እጁን ሰጠ። በዚያን ጊዜ ጦርነቱ ያለቀ የመሰለው ሰው ብዙ ነበረ። በጎንደር ግን አላለቀም ነበር። ጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ከኢጣልያውያንና ከአገር ተወላጆች የተውጣጣ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ጦር ይዞ፥ ጎንደርን በምሽጎች ቀለበት አጥሮ ተቀምጦ ነበር። በሰሜን ወልከፊትና አምባዞ፥ በምዕራብ ጭልጋ፥ በጣና ዳር ጎርጎራ፥ በደብረ ታቦር መንገድ ላይ ቁልቋል በር፤ እነዚህ ሁሉ የተመረጡ ከፍታዎችና በሮች ነበሩ። ደብረ ታቦር በክረምቱ መግቢያ እጁን ሰጠ። የወልከፊት ምሽግም ከብዙ ወራት ከበባ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ሰሞን 3 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ተማረከ። ከዚህ በኋላ ከቀሩት ዋናዎቹ ቁልቋል በርና ራሷ ጎንደር ነበሩ።

እዚህ ላይ የአንድ ሽማግሌ ነገር ትዝ ይለኛል። በወጣትነቴ በቅኔ ቤት ሳለን፥ የኔታ በጉብዝናቸው ዘመን ከአርበኞች ጋር ውለው ያደሩ ሰው ነበሩ። በበዓል ቀን ከእኛ መካከል አንዱ ተነሥቶ ሲፎክር፥ መድፍን በደረቱ እንደሚመልስ ሲናገር፥ የኔታ ዝም ብለው ይሰሙና ሲጨርስ፥ «እኮ መድፉ በተኮሰና ሁለተኛ በተኮሰ መካከል ምን አደረግህ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። ልጁም መልስ ያጣል። እርሳቸውም፥ «እኛ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምን እንለካው ነበር፤ አንዱን ደግመን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል። በዚያች መካከል የሮጠ ይደርሳል፤ ቆሞ የፎከረ ይቀራል» ይሉን ነበር። በዚያን ጊዜ ነገሩ ጨዋታ መስሎን ሣቅን። ዕድሜ ሲጨምር ግን ስለ ጀግንነት ከሰማሁት ሁሉ ይህ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። መድፍ ርቆ ለቆመ፥ ተሰብስቦም ለሚጓዝ ጭፍራ እጅግ አስፈሪ ነው። ከተራራው ግርጌ የገባን ሰው ግን አፈ ሙዙን አዘቅዝቆ ሊመታው አይችልም። ስለዚህ ጠላት መድፉን ብቻውን አይተወውም፤ በፊቱ የሽቦ አጥር ይዘረጋል፥ ፈንጂ ይቀብራል፥ በግራና በቀኙ መትረየስ ያኖራል። መድፍን የሚደፍር ሰው እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በየት ሸለቆ ተሰውሮ እንደሚጠጋ፥ አጥሩ በየት በኩል እንደሚሳሳ፥ ተኳሾቹም መቼ እንደሚደክሙ ሊያጠና ይገባዋል። ደፋር ልብ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ አይሄድም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ሳያውቅ የሄደ ደፋር ራሱንና የተከተሉትን ያስጨርሳል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ከዚሁ ከጎንደር አገር የወጣ ታላቅ ሰው አለ። ካሣ ኃይሉ፥ ኋላ አጼ ቴዎድሮስ፥ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠመ። የቋራው ካሣ በድፍረት የሚተማመን፥ ጭፍራውም በእርሱ የሚተማመን ነበረ። ግብጾቹ ግን በሥርዓት የተሰለፉ፥ ምሽግ የሠሩ፥ መድፍም የያዙ ነበሩ። ካሣ ፊት ለፊት ሄደባቸው፤ በጥቂት ጊዜም ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። የዚያ ቀን ሽንፈት በልቡ እንደ ተቀረጸ ከሥራው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹን ሥርዓት ለማስተማር ደከመ፤ ከነገሠም በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ አሠራ፤ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ አስጎተተ። ስለ ንጉሡ ድፍረት የሚናገረው ሁሉ ከደባርቂ የተማረውን ትምህርት ይረሳዋል። እኛ ግን ከብዙ ድሎቹ ይልቅ ያችን ሽንፈት ለወጣቶች ማስተማር ይጠቅማል እንላለን።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ትውልድ በጉንደትና በጉራዕ በ1868 ዓ.ም. ከዚያው ከግብጽ ጦር መድፍ ማረከ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ያሰለፋቸው 56 መድፎች ሁሉ በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አናስረዝመውም። ነገር ግን መድፎቹ የተማረኩት በከንቱ እንዳልሆነ፥ ከእኛም ወገን ያለቀው ሰው በብዙ ሺህ እንደሚቆጠር፥ ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ የጦር አለቆችም በዚያው እንደ ወደቁ መዘንጋት አይገባም።

ስለ ደምበጉናው ጦርነት ግን፥ ከእነዚህ ይልቅ ያነሰ ስለሚነገርለት፥ ጥቂት እንቆይበት። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፥ የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ከወገራና ከሰሜን ተነሥቶ ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመተ። ታኅሣሥ 5 ቀን ከዚሁ ጦር በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ተከዜን ተሻግሮ፥ በደምበጉና በር ከጠላት ጦርና ከታንኮቹ ጋር ተገናኘ። አብዛኛው ሰው ታንክ የሚባለውን ከዚያ ቀን በፊት አይቶት አያውቅም። ይሁን እንጂ ወታደሮቹ አንድ ነገር ቶሎ አስተዋሉ፤ የእነዚያ ትንንሽ ታንኮች መትረየስ ወደ ፊት ብቻ እንጂ ዙሪያውን አይዞርም ነበር። ስለዚህ ከፊት ሸሽተው ከጎንና ከኋላ ከበቡአቸው፥ ላያቸውም ላይ ወጡ። ታንኮቹ ተሰበሩ፥ ተማረኩም፤ ጠላትም በሩን ለቆ ሸሸ። ይህን ያደረጉት የወታደር ትምህርት ቤት ያልገቡ ባላገሮች ናቸው። በደባርቂ ያልነበረው ማስተዋል በደምበጉና ተገኘ። ጠላት ይህ ቢከብደው ብዙ ሳይቆይ በዚያው በታኅሣሥ ወር በተከዜ በኩል የመርዝ ጢስ ከአውሮፕላን አወረደ፤ በዚህ ላይ የሰው ማስተዋልም ድፍረትም የሚያደርገው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ በ1934 ዓ.ም. በጎንደር ዙሪያ የተሰለፉት አርበኞች ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። አምስት ዓመት በዱር ኖረዋል። እንደ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ፥ በቅጽል ስማቸው አሞራው ውብነህ እንደሚባሉት፥ እንደ ቢትወደድ አዳነ መኮንንም ባሉ አለቆች ሥር በአርማጭሆ፥ በጠገዴና በወልቃይት ጠላትን ሲያስጨንቁ የኖሩ ጭፍሮች ነበሩ። የጠላትን መድፍ ድምፁን ከሩቅ ለይተው ያውቁታል፤ ጥይት ቆጥበው፥ ሌሊትን ተገን አድርገው መዋጋትንም ለምደዋል።

ኅዳር 4 ቀን በቁልቋል በር የተደረገው የመጀመሪያው ጥቃት አልተሳካም። የጄኔራል ፎክስ 12ኛ የአፍሪካ ክፍለ ጦርና ከእርሱ ጋር የተሰለፉት አርበኞች ከምሽጉ ፊት ተመለሱ። ይህን የምንጽፈው ለማሳነስ አይደለም፤ ያን ቀን የወደቁትም በኋላ ከወደቁት እኩል ናቸውና። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት መንገድ በመጥረግና መድፍ በመጎተት አለፈ። ኅዳር 12 ቀን፥ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት፥ በየደብሩ ታቦት ሲወጣ፥ ቁልቋል በር ከብዙ ወገን በአንድ ጊዜ ተጠቃ። ኢጣልያኖቹም ፈሪዎች አልነበሩም፤ ካራቢኒየሪ የሚባሉት ወታደሮቻቸው እስከ መጨረሻው ተዋጉ። ጠላትን ፈሪ ብሎ መናቅ ያሸነፉትን ሰዎች ድካም ማቃለል ነው። በማታው ምሽጉ ወደቀ።

ኅዳር 18 ቀን ከጎህ ጀምሮ በጎንደር ላይ የመጨረሻው ጥቃት ሆነ። ዋናው ኃይል የመጣው በወለቃ በኩል ሳይሆን ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች ወደ ከፍታዎቹ ወጡ፥ አርበኞችም በየጎናቸው ተሰለፉ። አዘዞ ተያዘ፤ የኬንያ ብረት ለበስ መኪናዎችም ወደ ከተማው ዘለቁ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ። አንዳንድ ምሽጎች እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ቆይተው ተማረኩ። በዚህም ከ20 ሺህ በላይ የጠላት ሰው እጁን ሰጠ፤ በአገራችን የኢጣልያ ሥርዓተ ጦር ያለው ኃይል በዚሁ አበቃ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ድል አርበኞች ብቻቸውን እንዳደረጉት አድርገው ያወራሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። የእንግሊዝ መድፍና አውሮፕላን ምሽጎቹን ደብድቧል፤ ከኬንያና ከሌላውም የምሥራቅ አፍሪካ አገር የመጡ ወታደሮች፥ የእኛን አገር ስም እንኳ ከዚያ በፊት ያልሰሙ የብዙ እናቶች ልጆች፥ በቁልቋል በርና በጎንደር ተራሮች ሞተዋል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው፥ በተለይም በእንግሊዞች በተጻፉት የዘመቻ መጻሕፍት፥ አርበኞቹን እንደ ተከታይ ይቈጥሩአቸዋል። በእነዚያ መጻሕፍት የአርበኞቹ ጭፍራ የሚጠራው ከእርሱ ጋር በተመደበው በእንግሊዛዊው መኮንን ስም ነው። መኮንኑ ሻለቃ መሆኑ፥ አባቱ የሰጠው ስምም ተጽፎ ይገኛል፤ ከሽቦው ሥር ተስቦ የገባው የደምቢያ ወይም የወገራ ሰው ግን «አርበኛ» ከመባል በቀር ስም የለውም። የጻፉትን አንወቅሳቸውም፤ የራሳቸውን ሰዎች ጻፉ። የእኛን ሰዎች መጻፍ የማን ሥራ ነበረ?

የምንጽፈውን ለሹማምንትና ለካህናት ያደረግነው ስለዚህ ነው። በአገራችን የሰው ስም በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይኖራል። አርበኛው በሰፈሩ የሚታወቀው በዓለም ስሙ፥ በጦር ሜዳም በፈረስ ስሙ ወይም በቅጽሉ ነው። በሞተ ጊዜ ግን ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ያደረሰችለት፥ ዘመዶቹም ተዝካር ያወጡለት በክርስትና ስሙ ነው። ስለዚህ ከመንግሥት መዝገብ የተገኘው ስምና ካህኑ በጸሎት የጠራው ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሦስተኛ ሰው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው። በ1934 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቱን በዓይኑ ያላየ፥ ነገር ግን እናቱ «አባትህ በእገሌ ጭፍራ ሆኖ በእገሌ ተራራ ወደቀ» ብላ የነገረችው ሽማግሌ በየመንደሩ ጥቂት ይገኛል። ጽሕፈት ቤቱ ከደብሩ፥ ደብሩም ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ካልተነጋገረ ይህ ሽማግሌ የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል።

ደግሞም የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ብንሸሽገው አይሸሸግም። በቁልቋል በር ከጠላት ወገን ከሞቱት፥ ኢጣልያኖች ራሳቸው እንደ ጻፉት 1 ሺህ ከሚያህሉት፥ ግማሹ ገደማ ኢጣልያውያን አልነበሩም፤ የዚሁ አህጉር ልጆች ነበሩ። ከመድፉ አጠገብ ጥይት ሲያቀብል የነበረው፥ በመትረየሱም ሥር የሞተው ሰው አንዳንዱ ከወዲያ ማዶ ሸለቆ የመጣ፥ ከአጥቂው ጋር በአንድ ገበያ የሚገበያይ ነበረ። በደመወዝ የገባ አለ፥ በግድ የገባም አለ፥ ቂም ይዞ የገባም አለ። «ባንዳ» የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ ሆኖ ቀረላቸው፤ ልጆቻቸውም በየመንደሩ አንገታቸውን ደፍተው አደጉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱን ወገን በአንድ ሚዛን አስቀምጡ አልልም፤ ከመድፍ ኋላ የቆመና ወደ መድፍ የሮጠ እኩል አይደሉም። ነገር ግን መዝገብ የሚጻፍ ከሆነ በእውነት ይጻፍ። ከኋላ የተመለሰውም፥ ኅዳር ከመግባቱ በፊት ከምሽግ ወጥቶ ወደ ወገኑ የተቀላቀለውም፥ እስከ መጨረሻ ከጠላት ጋር የቆየውም እንደየሥራው ይጻፍ። የአርበኛውን ክብር የሚቀንሰው ይህ አይደለም፤ ይልቁንስ ያልነበረውን ሰው አርበኛ አድርጎ መጻፍ፥ ለዘመድም ሲሉ ማዕርግ መጨመር ነው የሚያረክሰው። እንዲህ ያለውን ነገር በተለያየ ጊዜ አይተናል፤ ከዚህ በላይ አንናገርም።

ሥራው የገንዘብ ሥራ አይደለም። ሐውልት ማቆም ቢቻል መልካም ነው፤ ግን ሐውልት ላይ የሚጻፈው ስም አስቀድሞ መገኘት አለበት። በየወረዳው አንድ ጸሐፊ፥ በየደብሩም አንድ ካህን ቢመደብ፥ ከአዘዞ እስከ ቁልቋል በር፥ ከወለቃም እስከ ደባርቅ ባለው አገር ያሉትን ሽማግሎችና አሮጊቶች መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄውም የኔታ ይጠይቁት እንደ ነበረው ቢሆን ደስ ይለናል፤ ስንት ሰው እንደ ገደለ ሳይሆን ከየት ተነሣ፥ በየት በኩል ተጠጋ፥ ከማን ጋር ነበረ፥ የት ወደቀ፥ ማንስ ቀበረው ይባል። መሬቱን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ፤ የምሽግ ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ክምር ሲገኝ ስፍራው ይመልከት፥ ስሙም ይጻፍ። ፈንጂ ይኖራል ተብሎ በሚጠረጠር ቦታ ግን ከባለሙያ በፊት ማንም አይግባ፤ የድሮ ጦርነት ብረት ዘመን ስላለፈው ብቻ የሞተ አይደለም።

የሚጻፍበትም አለ። ጥንት ርስትና ጉልት ሲሰጥ፥ ሽያጭም ሲደረግ፥ ምስክሮቹ ስማቸው እየተጠራ በደብሩ ወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ የጎንደር አድባራት በዚህ የታወቁ ናቸው፥ ሊቃውንትም የዘመኑን ታሪክ ከዚያ ያወጡታል። የአንድ ማሳ ወሰን እንዲህ በክብር የተጻፈበት አገር ስለ ወሰኑ የሞተውን ሰው ስም ለመጻፍ ቅጠል አያጣም። ከክርስትና ስሙ አጠገብ የዓለም ስሙ፥ ከእርሱም አጠገብ የወደቀበት ተራራ ይግባ። ኅዳር 18 ቀን የሐዋርያው ፊልጶስ መታሰቢያ ስለ ሆነ ካህናት ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን አይርቁም። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ሽማግሎቹን አስቀምጦ መጠየቅ ይቻላል።